«ብርድ ነው» አትበለኝ

«ጋሼ፣ ጉልበቴን ብርድ መትቶኛል፤ ምን ልቀባው?» ብለህ ከጽጽቃ ደወልክልኝ። መልሱን ሳልጨርስልህ ኔትወርኩ ሄደ። ድጋሚ ስትደውል ጉልበትህን ረስተህ «እማዬም እጇን ብርድ ይዟታል፣ ሊጥ ማቡካት አቅቷታል» አልከኝ፤ እሱም ተቆረጠ። ስልኩን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ። ይህ ነገር በተቆራረጠ ወሬ የሚያልቅ አይደለም።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ ሐኪም አይደለሁም። ቁስል ሳጥብ፣ መርፌ ስወጋ፣ ስብራት ሳስር ኖሬ በጡረታ የወጣሁ ድሬሰር ነኝ። በ1977 ኮረም መጠለያ ሰው በቃሬዛ ስንሸከም የተጎዳ ግራ ጉልበት አለኝ፤ ይኸው አርባ ዓመት አብሮኝ ኖረ። ስለዚህ የምነግርህ ግማሹ ካየሁት፣ ግማሹ ከታመምኩት ነው።

1. «ብርድ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው።

እኛ አገር መጋጠሚያውን ያመመው ሰው ያለው ስም ሁለት ነው፤ ብርድ ወይም ቁርጥማት። ትንሽ ፊደል የቆጠረ ከሆነ «ሪህ» ይላል። እኔ ያለሁባት ሰቆጣ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዷ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ሰው ብርድን ቢከስ አልፈርድበትም። ብርድ የታመመን መጋጠሚያ ያደርቃል፣ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ሕመሙንም ያብሳል። በሽታውን የሚያመጣው ግን እሱ አይደለም። ብርድ ቢሆን ኖሮ በተከዜ ዳር ላቡ እየተንጠባጠበ የሚኖረው የዝቋላና የአበርገሌ ቆላ ሰው ቁርጥማት የሚባል ነገር ባላወቀ ነበር። አንተ እዚያው ነህ፤ ጠይቃቸው።

ቁርጥማት እንደ ትኩሳት ነው፤ ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው ወባ ይሁን ታይፎይድ ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማይሰጠው ሁሉ፣ ቁርጥማትም ከጀርባው ያለው ሳይታወቅ ቅባት አይታዘዝለትም። አንተና እናትህ ሁለታችሁም «ብርድ» አላችሁ። እኔ እንደሰማሁት ከሆነ ግን ሕመማችሁ ለየቅል ነው። የአንተ በሁለት ወር ልምምድ የሚሻለው ዓይነት ነው። የእናትህ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

2. መጋጠሚያውን አራት ነገር ጠይቀው።

የትኛው ነው? አንድ ብቻ ነው ወይስ ብዙ? አብጦ ሞቋል ወይስ እንዲሁ ያማል? አራተኛው፣ ሰው የሚንቀው ግን እኔ አብልጬ የማምነው ጥያቄ፣ ጠዋት ስትነሣ ድርቀቱ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው።

ለዚህ ሰዓት አያስፈልግህም፤ ቡና ይበቃሃል። አቦል ሳይቀዳ የሚለቅህ ድርቀት፣ ከግማሽ ሰዓት በታች ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የመጋጠሚያ መልፋት ነው፤ ሲውሉበት እያመመ፣ ሲያርፉ የሚሻለው። በረካ ተጠጥቶ ሲኒው ታጥቦም ጣትህ አልታጠፍ ካለ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ያ የሚያነድ፣ ከውስጥ የሚበላ ቁጣ ነው፤ እንዲያውም ዕረፍት ሲያገኝ ይብስበታል። ሥራ ላይ በነበርኩ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ጠዋት ዳዊት ደግሜ ስጨርስ ነው እጄ የሚፈታው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ባልጠይቃቸውም ወዴት እንደምልካቸው አውቄ ነበር።

3. የአንተ ጉልበት።

እንደነገርከኝ ዳገት ሲወጣ ዝም ይላል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ያምሃል። ቢሮ ብዙ ተቀምጠህ ስትነሣም ይይዝሃል። አላበጠም፣ አይሞቅም፣ ሌሊት ከእንቅልፍ አያስነሣህም። ዕድሜህ 36 ነው፤ የተፋሰስ ሥራ በሚሠራበት ወራት ከእርከን እርከን ስትወርድ ትውላለህ። ይህ የጉልበት ሎሚ፣ የዚያች ከፊት ያለችው ክብ አጥንት፣ ሕመም ነው። ቁልቁለት ሎሚዋን ከሥሯ ካለው አጥንት ጋር አጥብቆ ይጫናታል።

በመጋጠሚያ ውስጥ ሁለቱ አጥንቶች እርስ በርስ እንዳይፋጩ ጫፋቸው ልም አጥንት ለብሷል። በግ ስትበልት ጭኑና ቅልጥሙ የሚገናኙበት ላይ እንደ ተላጠ ዕንቁላል የሚያብለጨልጨው እሱ ነው። በዚህ ልም አጥንት ውስጥ የደም ሥር የለም። ምግቡን የሚያገኘው መጋጠሚያው ውስጥ ካለው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ስትረግጥ ይጨመቃል፣ እግርህን ስታነሣ መልሶ ይጠጣል። እንግዲህ «አመመኝ» ብሎ ወር ሙሉ የተኛ ሰው ልም አጥንቱን አስርቦታል ማለት ነው። እኔ ራሴ በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ ጉልበቴን አንድ ክረምት ሙሉ አስተኛሁት፤ መስከረም ላይ ስነሣ ጭኔ የልጅ ክንድ አህሎ አገኘሁት።

አማርኛችን መጋጠሚያውንም ኃይሉንም በአንድ ስም «ጉልበት» ይላቸዋል። ስሙን ያወጣው ሰው የሰውነትን ነገር ጠንቅቆ ያውቅ እንደነበር እገምታለሁ። ጉልበትን የሚያቆመው ከጭን ፊት ያለው ጡንቻ ነውና፤ ሎሚዋን እንደ ልጓም ይዞ ይመራታል። ልጓሙ ሲላላ ሎሚዋ መንገዷን ትስታለች፣ ትፋቃለች፣ ታማለች። መድኃኒቱ ያለው እንግዲህ ጭንህ ላይ ነው፤ ጉልበትህን መቀባት ብቻውን የትም አያደርስህም።

መደብ ላይ ወይም ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። አንድ እግርህን ወደ ፊት ዘርጋ፣ ጣቶችህን ወደ ራስህ ሳብ፣ የጭንህ ሥጋ እንደ ድንጋይ ይጠንክር። በልብህ እስከ አሥር ቁጠር። ቀስ ብለህ አውርድ። አሥር ጊዜ፤ ከዚያ ሌላውን እግር። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ እጅህን ሳትደገፍ ከመደብ መነሣትና መቀመጥ ጨምርበት፣ አሥር ጊዜ፤ ስትቀመጥ ዱብ እንዳትል፣ ዝግ ብለህ ውረድ። ለውጥ ለማየት ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። ስታደርገው መጠነኛ ሕመም ቢሰማህ አትፍራ፤ በማግስቱ ካልባሰብህ ልክ ነህ። ቢያብጥ ግን ቀንስ።

ጉልበትህ «ቋ» ቢልስ? ካላመመህ ተወው። የእኔ ስንት ዘመን ሲጮህ ኖረ፤ ሰውም ለመደው።

4. አልጋ ላይ ከሁለት ቀን በላይ አትዋል። ወገብም ቢሆን።

5. ጭነቱን ቀንስ።

ወፈር ያሉና ጉልበታቸው የለፋ ሽማግሎች ላይ ተለክቶ የታወቀ ነገር አለ፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ይህ ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ደግ ምክር ነው። የዋግ ሰው ግን በአብዛኛው የሚቀንሰው ሥጋ የለውም፤ የሚቀንሰው ጀርባው ላይ ያለውን ነው። የተሞላ ቢጫ ጄሪካን 20 ኪሎ ያህል ነው። ሴቶቻችን ያንን አዝለው ዳገት ይወጣሉ፣ ከዚያ ቤት ገብተው ቁጢጥ ብለው ምጣድ ያሰማሉ፣ ቁጢጥ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ፣ ቁጢጥ ብለው ልብስ ያጥባሉ። ጉልበት ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ሎሚዋ ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው። በርጩማ ምን ያህል ያስወጣል? ከፍ ያለ ምድጃስ? ጭቃና ድንጋይ ነው። በዚህ ነገር ወንዶቹን እወቅሳለሁ፤ ለበሬ ቀንበር ሲያስተካክሉ ቀኑን ሙሉ ይውላሉ፣ ለሚስታቸው ምድጃ ግማሽ ክንድ ከፍ ማድረግ ሥራ አይመስላቸውም። ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሽማግሌም መካከሉ የተበሳ ወንበር ከማንም አናጢ ዘንድ ይገኛል።

ስለ ዱላ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እኔም ያወቅሁት አርጅቼ ነው። ሰው ሁሉ ዱላውን በሚያመው እግር በኩል ይይዛል። ስሕተት ነው። የሚያምህ ግራው ከሆነ ዱላው በቀኝ እጅህ ይሁን፣ ከግራው እግርህ ጋር እኩል መሬት ይንካ። ያን ጊዜ ክብደትህ ተከፍሎ ይሄዳል። ቁመቱም ቀጥ ብለህ ቆመህ እጅህ ሲንጠለጠል አንጓህ ላይ የሚደርስ ይሁን። ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት መቋሚያን ለጌጥ ብቻ አልያዙትም።

ስግደትንም ላንሣ። እኔ በሰሙነ ሕማማት እንደ ዱሮው ግንባሬን መሬት እያስነካሁ መስገድ ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ስተወው አፍሬ ነበር። የንስሐ አባቴ ግን «ለሕሙም ቀኖናው ሌላ ነው፤ ጎንበስ በል፣ ይበቃሃል» አሉኝ። አንተም ዐቢይ ጾም ሲገባ ጉልበትህ ካልተሻለው ሄደህ ንገራቸው፤ በራስህ አትወስን።

ጫማህንም እየው። በረባሶም ሆነ ኮንጎ ለድንጋያማ ቁልቁለት ጉልበትን አያግዙም። ወፈር ያለ፣ ለስለስ ያለ ሶል ይሻልሃል።

6. ሙቀትና ቅዝቃዜን አታምታታ። የደረቀና የቆየ ሕመም ሙቀት ይወዳል፤ የሞቀ ውኃ የተሞላበት ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለህ ለሩብ ሰዓት ያህል አድርግበት፣ ከዚያ አንቀሳቅሰው። አብጦ ራሱ የሚያቃጥለውን መጋጠሚያ ግን አታሙቀው፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ነው የሚያሻው።

7. መድኃኒት፣ ወይም ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ።

መጀመሪያ ቅባቱ። የዲክሎፌናክ ጄል ለጉልበትና ለእጅ ደህና ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ ሆድን እንደ ኪኒኑ አይጎዳም። ሊሞከር የሚገባው እሱ ነው። ፓራሲታሞል ለጊዜው ያስታግሳል፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከስምንት ፍሬ በላይ አይወሰድም፣ ለሽማግሌና አረቄ ለሚያበዛ ከዚያም ያነሰ ነው።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በኪኒን መልክ ጥሩ ያስታግሳሉ፤ ሂሳባቸው ግን በኋላ ይመጣል። ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትን ይጨምራሉ። ምግብ በልተህ፣ ለጥቂት ቀናት፣ በትንሹ መጠን። ጨጓራ፣ ግፊት ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም፣ ሳይጠይቁ አይወስዷቸውም። ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ ያለ ዓይነ ምድር ያየ ሰው ኪኒኑን ጥሎ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መገኘት አለበት፤ ውስጡ እየደማ ነው።

መርፌውስ? «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚል ሰው በየቀኑ ይመጣብኝ ነበር። መርፌውና ኪኒኑ አንድ መድኃኒት ናቸው። መርፌው ጨጓራንም አያድንም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በደም በኩል ነውና። በዚያ ላይ መቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ የእግርን ዋና ነርቭ አግኝቶ እግር ሲያሰንፍ አይቻለሁ። ስንት ሰው በአዘኔታ እንደወጋሁ ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል።

ስም የሌለው፣ ብልቃጥ የሌለው፣ በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን ደግሞ ከማንም እጅ አትቀበል። በተለይ «በአንድ ቀን ያስነሣል» የተባለለትን። በአንድ ቀን የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ነው። እነዚህ ሐኪም በልክ ሲያዛቸው ሕይወት የሚያድኑ፣ ሰው በራሱ ሲውጣቸው አጥንት የሚያሳሱ፣ ስኳር የሚያመጡ፣ ለመግል በር የሚከፍቱ መድኃኒቶች ናቸው።

8. እውነተኛው ሪህ።

ሪህ የሚባለው ስም ለሁሉም ይለጠፋል እንጂ ትክክለኛው ሪህ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። አንድ ዓመት በፋሲካ ሰሞን አንድ ባለጸጋ ሰው በበቅሎ ጭነው አመጡልኝ። የ55 ቀን ጾም ፈትቶ ሁለት ቀን ሙሉ ሥጋና ጠላ ላይ ነበር። ሌሊት ደህና የተኛ ሰው ንጋት ላይ የእግሩ አውራ ጣት ሥር እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ነጠላ ሲነካው እንኳ የሚጮህ ሆነ። ዘመዶቹ «መተት ነው» ይላሉ።

ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ ጨው ጠጠር ይረጋል፤ ጠጠሩ እንደ መርፌ የሾለ ነውና መጋጠሚያውን ያስቆጣዋል። ቀይ ሥጋ፣ ጉበትና ኩላሊት፣ ቢራና ሌላውም መጠጥ ያባብሱታል፤ የኩላሊት ድካም ያለበትም ሰው ይጋለጣል። የአንድ ሳምንት ሕመም ነው ተብሎ ይረሳል፤ ተመልሶ ይመጣል። ለሚመላለስበት ሰው አሎፑሪኖል የሚባል በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም ነው የሚጀምረው። ባለጸጋው ጓደኛዬ ሆኖ ቀረ፤ ጠላውን ቀነሰ፣ ጥሬ ሥጋውን ግን እስኪሞት አልተወም።

9. የፍየል ወተት።

ይህን ለአንተ በተለይ ነው የምጽፈው፤ ውሎህ ከፍየል አርቢዎች ጋር ነውና። እንግዳ ሲመጣ ትኩስ ወተት በቅል ይሰጣል፤ ክብር ነው፤ እንቢ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ሐኪሞች ብሩሴሎሲስ የሚሉት፣ ፍየሏን የሚያስወርዳት በሽታ፣ ባልፈላ ወተት በኩል ወደ ሰው ይገባል። ሲመጣ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ከዚያ የዳሌና የወገብ፣ የጉልበትም ቁርጥማት ይሆናል። ሰው «ብርድ» ወይም «ወባ» እያለ ወራት ይፈጃል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ሁለት ዓይነት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ተወስዶ ይድናል። በሁለተኛው ሳምንት ተሻለኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው ይመለስበታል።

ወተቱ እስኪገነፍል ይፍላ። ካልፈላ ወተት የተረጋ እርጎም ያው ነው። ያስወረደች ፍየል የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አይነካ፤ ጓንት ከሌለ ላስቲክ እጃቸው ላይ ያስሩ፣ ከዚያ ይቅበሩት። ለአርቢዎቹ ስታስተምር ስለ ሣርና ስለ ክትባት ብቻ አትንገራቸው።

10. የልጅ ቁርጥማት የአዋቂ ቁርጥማት አይደለም።

ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንቱ ጉልበቱ ቢያብጥ፣ እሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ ቢያብጥ፣ «እያደገ ነው» ብለህ አትለፍ። መጋጠሚያዎቹ በራሳቸው ይድናሉ፤ ልቡ ግን ላይድን ይችላል። የጉሮሮው ባክቴሪያ ያስነሣው የሰውነት ቁጣ የልብን በሮች ይመታል። በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች ስንቶቹ በዚህ መንገድ እንደመጡ ባሰብኩ ቁጥር አዝናለሁ፤ መነሻው በጊዜው በፔኒሲሊን የሚመታ የጉሮሮ ሕመም ነበርና። አንዴ የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወስዳል፤ አንዱ እንኳ አይታለፍም። እዚህ ላይ መርፌን አልቃወምም።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም። ደምና መግል ነው ትርፉ።

11. ወጌሻ፣ ዋግምትና ጸበል።

ወጌሻን አልንቅም። ባለፈው የሻደይ በዓል ላይ ስትጨፍር እግሯ የዞረባትን የጎረቤቴን ልጅ ወጌሻው በቅቤ አሽቶ፣ ቁርጭምጭሚቷን በልኩ ጠቅልሎ በሳምንቱ አራመዳት፤ ወለምታ ነበር። ነገር ግን ስብራት የሆነ እንደሆነ፣ ቀርከሃ ደርድሮ አጥብቆ ማሰር እግር ያስቆርጣል። ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከፊተኛው ከበረታ፣ ማሰሪያው በዚያችው ደቂቃ ይፈታ፤ ወጌሻው ቢቆጣም ይቆጣ። አብጦ የሚያቃጥልን መጋጠሚያ ደግሞ ወጌሻ አይሸው፤ መግል ከሆነ ይበትነዋል።

ዋግምት ለጊዜው ያቀለለው የሚመስለው ሰው አለ። እኔ የምፈራው ምላጩን ነው፤ ከሰው ሰው የሚዞር ምላጭ ኤች አይ ቪንና የጉበት ቫይረስን ይዞ ይዞራል።

ጸበል ሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። መድኃኒትህን ግን ይዘህ ሂድ። «ኪኒን ከጸበል ጋር አይሄድም» የሚልህ ካለ የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

12. በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚያስሮጡ። አንድ መጋጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተከተለው መግል ሊሆን ይችላል፤ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ይበላዋል። ከወደቁ በኋላ መርገጥ አለመቻል። የወገብ ሕመም ከእግር ስንፈት ወይም ሽንት ካለመቆጣጠር ጋር። ወራት የዘለቀ የወገብ ሕመም ከክሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከሆነ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ።

13. እናትህ።

ነሐሴ ላይ ለሻደይ መጥታ ቤቴ ቡና አፈላች። ጀበናውን በእጀታው አልያዘችውም፤ ከሥሩ በጨርቅ በግራ መዳፏ ደግፋ፣ በቀኝ ክንዷ አንገቱን ገፋ አድርጋ ቀዳች። ሲኒውን በሁለት መዳፏ አቅፋ ጠጣች። የጣቶቿ ሥር አንጓዎችና መካከለኞቹ በሁለቱም እጆቿ እኩል አብጠው ነበር። ቀለበቷ አልገባ ብሏት ከማዕተቧ ጋር በክር አንጠልጥላዋለች። «ብርድ ነው» አለችኝ፤ እኔ ድሬሰሩ ወንድሟ አይቼ፣ በዓል ነው፣ ሰው አለ ብዬ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን ነው አሁን በወረቀት የምክሰው።

በሁለቱም እጅ እኩል የሚመጣ፣ ትንንሾቹን አንጓዎች የሚመርጥ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያደርቅ፣ ድካም የሚጨምር እብጠት ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለውን ይመስላል። የሰውነት የራሱ ጠባቂ ተሳስቶ የራሱን መጋጠሚያ የሚወጋበት በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 በዓለም ላይ 18 ሚሊዮን ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት፣ ከመቶው ሰባ ያህሉም ሴቶች እንደሆኑ ገምቷል። ልፋት የሚያመጣው አይደለም፤ ብርድም አይደለም፤ ኃጢአትም አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተያዘ ጣት ሳይጣመም ሊገታ ይችላል። ከዘገየ የተጣመመው አይመለስም።

ስለ ፊቷም ልንገርህ። የመጡት ዘመዶች ሁሉ «ወዘናዋ ተመለሰ፣ ሞላች» እያሉ አመሰገኑ። እኔ ግን ፊቷ እንደ ጨረቃ ሲከብ ክንዷ እንደከሳ አየሁ። ማታ ስትተኛ ከመቀነቷ የፈታችው ላስቲክ ውስጥ ስም የሌለው ኪኒን ነበረ። ከማን እንደገዛችው አልጠየቅኋትም፤ አንተም በዚያ አትጨቃጨቃት። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ይህን አንብበህ ተቆጥተህ ኪኒኑን እንዳትጥልባት። እኔ እንደምጠረጥረው ፕሬድኒሶሎን ወይም የእሱ ዓይነት ከሆነ፣ ለወራት የወሰደው ሰው ሰውነቱ በተፈጥሮ የሚሠራውን የዚህኑ ዓይነት ንጥረ ነገር ማምረት ሊያቆም ይችላል፤ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ደም ግፊት ወርዶ፣ አስመልሶ፣ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ቀስ በቀስ ነው የሚያወርደው። እስከዚያ እንደምትወስደው ትውሰድ፣ አትጨምር።

ከጽጽቃ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፍና እዚህ ሰቆጣ ወዳለው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አምጣት። የደም ምርመራና የእጅ ራጅ ያዙላታል፤ ስኳርና ግፊቷም ይታይ። የመጋጠሚያ በሽታ ልዩ ሐኪም በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው፤ ግን የውስጥ ደዌ ሐኪም ሊጀምርላት ይችላል፣ ካስፈለገም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጥቁር አንበሳ ይጽፉላታል። ሜቶትሬክሴት ካዘዙላት በደንብ ስማ፤ እሱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ለይተህ ምረጥላት፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን አትረሳም። ለሳምንታት ምንም የለወጠ አይመስልም፤ ሥራውን የሚጀምረው ቆይቶ ስለሆነ እንዳታቋርጠው።

እስከዚያው ሊጡን አንተ አቡካ። የጄሪካኑን ክዳን ጠዋት ከፍተህላት ውጣ። ነጠላዋን ለማጠብ ስትጠመዝዝ ካየህ ተቀበላት።

ስትመጡ የጤና መድህን ደብተሯን፣ ዘንድሮ መታደሱን አይተህ ያዝ። ኪኒኑን ከነላስቲኩ አምጣው፤ ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል። ያበጡ እጆቿንም ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ በስልክህ ፎቶ አንሣቸው፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ቀትር ሆኖ እብጠቱ ጎደል ሊል ይችላል፣ እሷም «ደህና ነኝ» ማለቷ አይቀርም። ሰኞ የመጀመሪያው መኪና ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ ነኝ።